ወንድሜ ሳይጠራ የወጣ ዕለት

የጎረቤቴ ልጅ ሙዚቃ በኮምፒውተር ያቀናብራል። ባለፈው ሰሞን አጥሬን ተደግፎ፣ «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ድሮ ሰው ሁሉ ሲያዜመው የኖረ፣ ማን እንዳወጣው የማይታወቅ ዜማ ወስጄ በራሴ ስም ባወጣው ነውር አለው?» አለኝ።

«መውሰዱ ነውር የለውም» አልኩት።

«ታዲያ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?»

ግባና ቁጭ በል አልኩት። ምሳው አመለጠው፣ እኔ ግን ጀምሬ ማቆም አልቻልኩም። ለእሱ የነገርኩትን ነው አሁን ለእናንተም የምጽፈው። ደስ የሚል ታሪክ አይደለም፤ ደስ የሚል የፈለገ ሌላ ገጽ ይግለጥ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ያኔ ጊምቢቹ ሁለተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስቆም ማንንም የማልፈራ፣ ቀበሌ ደጃፍ ላለማለፍ ግን መንገድ የምለውጥ ልጃገረድ ነበርኩ። ቤታችን ሆሳዕና ነው። አባታችን ገና በልጅነታችን ስለሞተ፣ እናቴ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ማቴዎስን ብቻዋን ነው ያሳደገችን። ማቴ ትምህርት አልሆነለትም። የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ከሻሸመኔ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕና ሻሸመኔ ይመላለስ ነበር። ከመንገድ ሲመለስ ለእናቴ ሸንኮራ፣ ለእኔ ጠመኔ ያመጣል። «መንግሥት ስብርባሪ እየሰጠሽ ታስተምሪያለሽ፣ እንቺ ሙሉውን» ይለኝና ይስቃል። ሳቁ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

አሁን ስለ ዜማው ልንገራችሁ። በእኛ መንደር ሰው ሲሞት በር ላይ ይጠራል። አስከሬኑ በቃሬዛ ሆኖ ቤት ውስጥ፣ ከደጃፉ አጠገብ ይቀመጣል። አራት ወንዶች አጠገቡ ይንበረከካሉ። አንዲት ትልቅ ሴት የበሩ መድረክ፣ ደፉ ላይ ትቆምና በዜማ የሟቹን ስም ትጠራለች፤ ቀጥላ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን፣ እንዲህ እያለች ወደ ላይ ትወጣለች። ለቀስተኛው በየስሙ «ሆ» እያለ ይቀበላል። የምታውቀው ስም ሲያልቅ ድምጿን ቀስ አድርጋ ወደ ታች ትጥለዋለች። እዚያች መውረጃ ላይ ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ያነሳሉ፣ ሟቹም ይወጣል። አባቶቹ ሰምተውታል፣ መንገድ ተከፍቶለታል ማለት ነው። ሳይጠራ የወጣ ሰው አባቶቹ አያውቁትም፣ ደጅ ይቀራል ይባላል። እኛ ወንጌል የሰማን ቤተሰብ ስለሆንን «ይኼ የድሮ ነገር ነው» ማለት እናበዛለን። ሞት ሲመጣ ግን በር ላይ ሳይጠራ የወጣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አላየሁም።

ዜማውን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ አልነበረም። እኛ በሀዲይኛ እንጠራበታለን፤ ዱራሜና አንጋጫ ያሉት በከምባትኛ ይጠሩበታል። አማኞች የመዝሙር ግጥም አግብተውበት ቤተ ክርስቲያኑ እስኪታሸግ ድረስ ዘምረውበታል። ቦኖሻ አካባቢ ደግሞ አረም ሲያርሙ ፈጠን አድርገው ይሉታል ሲባል ሰምቻለሁ። አንዱ ሌላውን «ለምን ወሰድክብኝ» ብሎት አያውቅም። ሁሉም ወስዶ ሁሉም ጋ ቀርቶ ነበር።

ማቴ የሞተው በክረምቱ መጨረሻ በሻሸመኔ መንገድ፣ አዲሎን አለፍ ብሎ ነው። መንገዱ ጭቃ ነበር፣ መኪናው ተገለበጠ፣ እሱ ደግሞ ጭነቱ ላይ ነበር። ሾፌሩ ተረፈ። ማቴን በሌላ መኪና፣ ከበርበሬ ጆንያ መሀል አስተኝተው አመሻሽ ላይ አመጡልን። ጊምቢቹ ድረስ ሰው ተልኮብኝ ስደርስ እናቴ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ፀጉሩን ከጭቃ ታጸዳ ነበር። «በርበሬው ዓይኑ ውስጥ ገብቷል፣ ውሃ አምጪ» አለችኝ። አመጣሁላት። እስኪነጋ ዓይኑን አጠበችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ግቢያችን ሞላ። በር ላይ የምትጠራው አክስቴ ሎምቤ ነበረች፤ የአባቴ እህት ናት፣ የአባቶቻችንን ስም እስከ ጥግ የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። አራቱ ወጣቶች ተንበረከኩ። ሎምቤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መድረኩ ላይ ቆመች። «ማቴዎስ» ብላ ዜማውን ስታነሳ ግቢው በአንድ ድምፅ «ሆ» አለ። ሁለተኛውን ስም፣ የአባቴን ስም ልትጠራ አፏን ስትከፍት፣

«ቁሚ!» የሚል ድምፅ ከአጥሩ በኩል መጣ።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነበር። ከኋላው ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች አሉ። ሰው እየገፋ መጣና ሎምቤ ፊት ቆመ።

«ይህ ዜማ ተከልክሏል። በስብሰባ ተነግሯችኋል» አለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ማንም አልሰማም ነበር። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ሀንዲሶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ። «የቱ ዜማ ጓድ ሊቀ መንበር? እኛ እያለቀስን ነው» አለ።

«ማልቀስ መብታችሁ ነው፤ አልቅሱ። ይህ ዜማ ግን የአውራጃችን የኪነት ቡድን ዜማ ሆኗል። ለአብዮቱ በዓል በእንግዶች ፊት ይቀርባል፣ ከአዲስ አበባ መጥተው በቴፕ ይቀርጹታል። እስከዚያ ሌላ አውራጃ ሰምቶ እንዳይሰርቀን፣ ከዚያም በኋላ የትግል ስሜቱ በልቅሶ እንዳይበረዝ፣ ያለ ፈቃድ ማንም እንዳያዜመው ተወስኗል።»

ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። እንዳይሰርቀን ማለቱ አንዳንዱን ሊያስቀው ዳድቶት ነበር፣ ነገር ግን ጠመንጃ ባለበት ሳቅ ወደ ውስጥ ይዋጣል። እናቴ ከቃሬዛው አጠገብ ቀና አለች። አማርኛ አትችልም። ምን እንደተባለ ስነግራት በሀዲይኛ፣ «ልጄ ሳይጠራ ከዚህ ቤት አይወጣም» አለች። ቃሬዛው ላይ እጇን ጣለችበት። ሊቀ መንበሩ እጇን አይቶ ተረዳ መሰለኝ፣ «እንግዲያው ሂዱና ከጓድ ደስታ ፈቃድ አምጡ» ብሎ አንዱን ጠባቂ በራችን ላይ አቁሞ ሄደ።

ጓድ ደስታ ሲባል ልቤ ትንሽ መለስ አለ፤ የኪነት ቡድኑ ኃላፊ ቢሆንም የእኛው ሰፈር ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት ቤታቸው ጠባብ ነበርና ልቅሶው የተቀመጠው እኛ ግቢ ነው። በር ላይ የጠራቻትም አክስቴ ሎምቤ ናት። ያኔ ደስታ እንጨት ተደግፎ የእናቱ አባቶች ስም በተጠራ ቁጥር ከለቀስተኛው ሁሉ አስበልጦ «ሆ» ሲል አስታውሳለሁ። ዜማውን ከዚያ ካልሆነ ከየት ያውቀዋል?

እኔና አጎቴ ጭቃውን እያቋረጥን ወደ አስተዳደሩ ግቢ ወጣን። ደመናው ከተራራው በኩል እየጠቆረ ነበር። «ዝናብ ከመጣ መቃብሩ ውሃ ይሞላል» አለ አጎቴ፣ ፍጥነቱን ጨመረ። እንድንገባ እስኪፈቀድልን ደጅ ላይ ቆምን። ከውስጥ አኮርዲዮን ይሰማል፤ የእኛን ዜማ፣ ግን በሰልፍ እርምጃ። አጎቴ ጆሮውን አዘንብሎ አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

ደስታ ካኪ ለብሶ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። አጎቴ ሲያየው ፊቱ በራ፣ በሀዲይኛ «ልጄ ደስታ» ብሎ ጀመረ። ማቴ መሞቱን፣ እናቴ እጇን ቃሬዛ ላይ እንደጣለች፣ ዜማው ደግሞ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ የሁላችን እንደሆነ፣ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ እንደኖረበት አስረዳው። በሀዲይኛ ሲናገር አጎቴ የታወቀ ሽማግሌ ነው፤ ሰው ያስታርቃል፣ ድንጋይ ያለሰልሳል። ደስታ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«አባባ፣ ይህ ቢሮ ነው። በአማርኛ ይናገሩ» አለው።

አጎቴ ደነገጠ። አማርኛ የሚያውቀው ከገበያና ከስብሰባ ነው። እኔ ልናገርለት ስል ደስታ እጁን አነሳ፤ «እሳቸው ይናገሩ» አለ። አጎቴ ባርኔጣውን እያገላበጠ ቃል ፈለገ። በሀዲይኛ «የሁላችን» ያለውን ወደ አማርኛ ሊመልስ ነው። ከስብሰባ የሰማው ቃል ቀደመው።

«እሷ ዜማ» አለ፣ «እሷ የማንም ሰው ብቻ አይደለችም። እሷ የሕዝብ ናት።»

ደስታ ፈገግ አለ። ያንን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«አዩ፣ ራስዎ ተናገሩት። የሕዝብ ነው። የሕዝብ የሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ በመንግሥት እጅ ነው ያለው። መሬቱ የሕዝብ ነው፤ ታዲያ ያለ ገበሬ ማኅበሩ ፈቃድ ያርሱታል? የተወረሰው ቤት የሕዝብ ነው፤ ታዲያ ዘው ብለው ገብተው ያድሩበታል?»

«አያድሩም» አለ አጎቴ፣ ምን እንደመለሰ ሳያውቅ።

«ስለዚህ ዜማውም እንደዚያው ነው።»

አጎቴ ወጥመድ ውስጥ መግባቱ ገባው። ሊወጣ ሞከረ። «እንግዲያው የሕዝብ አትሁን። የእኛ ናት፣ የቤተሰብ» አለ።

«የግል? የጎሳ ንብረት?» ደስታ ብዕሩን አስቀመጠ። «አባባ፣ ይህን ሌላ ሰው ፊት እንዳይደግሙት።»

«የማንም አይደለችም በቃ! ባለቤት የላትም!»

«ባለቤት የሌለውን ያገኘው ያነሳዋል። እኛ አነሳነው።»

አጎቴ የሕዝብ ቢል የመንግሥት ሆነ፣ የእኛ ቢል ወንጀል ሆነ፣ የማንም አይደለም ቢል ላነሳው ሆነ። «የሁላችን» የምትለው ቃል ብቻ ነበረች የምታድነን። እሷ ደግሞ ቢሮው በማይሰማው ቋንቋ ቀረች። ደስታ ሀዲይኛውን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው ነው፤ ምን እንደተባለ ከእኔ እኩል ያውቃል። ከሁሉም ያንገበገበኝ ይኼ ነበር።

አልቻልኩም፣ ተናገርኩ። «ጓድ ደስታ፣ የእናትህ ዕለት በር ላይ ማን ነበር የጠራላት?»

ደስታ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ፣ ጀርባውን ሰጠን። አጎቴ ቀሚሴን ይጎትታል፤ በጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ቢነሳ ሁለታችንም እዚያው እንደምናድር ያውቃል። ደስታ ሲዞር ፊቱ ምንም አይነበብበትም።

«ወንድምሽ ምን ነበር ሥራው?»

«የመኪና ረዳት።»

«ወዛደር ነው እንግዲህ። ላቡን እያፈሰሰ የሞተ ወዛደር» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ወደ አጎቴ ተመለሰ። «ሂዱ። ዜማው ይዜምለታል። እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

አጎቴ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሊስም ሲል ደስታ ያዘው። ወጣን። በመንገድ ላይ አጎቴ ያለቅሳል፣ ይስቃል። «የሰፈር ልጅ ነው! እናቱን ስታነሺለት አየሽው? ደም ውሃ አይሆንም!» ይለኛል። እኔም አመንኩ። ግቢ ስንደርስ አጎቴ «ተፈቀደ!» ብሎ ጮኸ፣ ሰው እልል ለማለት ምንም አልቀረው፤ ልቅሶ መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን ያዘ። እናቴ እጇን ከቃሬዛው አንስታ ማቴ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ጠጣች። አክስቴ ሎምቤ ነጠላዋን ዳግመኛ አጥብቃ አስራ መድረኩ ላይ ወጣች። ደስታን ልንጠብቅ ተቀመጥን።

ደስታ ግን ብቻውን አልመጣም። መጀመሪያ ከበሮው ተሰማ። ቀጥሎ አኮርዲዮኑ። ከዚያ የኪነት ቡድኑ በሙሉ፣ ወንዱም ሴቱም ካኪ ለብሶ፣ ቀይ መሀረብ አንገቱ ላይ አስሮ፣ በሰልፍ በግቢያችን በር ገባ። ጭቃው እየተፈናጠረ ለቀስተኛው ግራና ቀኝ ተከፈለ። ደስታ ወደ መድረኩ መጥቶ ሎምቤን በእጁ፣ በጣም በቀስታ፣ ገለል አደረጋት።

«እናቴ፣ እርስዎ ይረፉ። ዛሬ በክብር ነው የሚሸኘው» አላት፣ በአማርኛ።

ሎምቤ እኔን አየችኝ። «ምን አለ?» አለችኝ።

ቡድኑ በራችን ፊት ተሰለፈ። የቡድኑ አውጪ፣ ዜማውን የምትመራው ሴት፣ ማቴ በተኛበት በኩል ፊቷን አድርጋ ድምጿን ከፍ አደረገች። የእኛው ዜማ ነው፤ አንዲት ድምፅ አልጎደለችውም። የማቴ ስም በሚገባበት፣ ያው ቦታ ላይ፣ ግን «ወዛደሩ!» አለች። ቡድኑ «ወደፊት!» ብሎ ተቀበለ። የአባቴ ስም በሚገባበት «ገበሬው!» «ወደፊት!» የአያቴ ስም በሚገባበት «ወታደሩ!» «ወደፊት!» ከበሮው በየመሀሉ ይመታል። አክስቴ ሎምቤ አማርኛ ስለማታውቅ የሆነ የማታውቃቸው አባቶች እየተጠሩ መስሏት ግራ ገብቷት ታዳምጥ ነበር። ኋላ ላይ፣ «ወዛደር የምትሉት በየት በኩል ነው አባታችን?» ብላ ጠይቃኛለች። የሚያስቅ ነገር ነበር፤ አልሳቅኩም።

እናቴ ግን ስም ታውቃለች። የባሏ ስም እንዳልተጠራ፣ የአማቷ ስም እንዳልተጠራ አወቀች። ለመነሳት ስትሞክር ቡድኑ መጨረሻው ላይ ደረሰ። ያችን መውረጃ አልነኳትም ነበር። ዜማውን ወስደው ሁሉን ሲለውጡ እሷን ስላማረቻቸው እንዳለች ትተዋታል። አውጪዋ «ወጣቱ!» ብላ ድምጿን ቀስ አድርጋ ወደ ታች ጣለችው።

አራቱ ተሸካሚዎች ቃሬዛውን አነሱ።

ማንም አላዘዛቸውም። ከልጅነታቸው ጀምሮ በዚያች መውረጃ ላይ ሲያነሱ፣ ሲነሳ እያዩ ያደጉ ናቸው፤ ትከሻቸው ዜማውን ያውቀዋል። ካነሱ በኋላ አንደኛው፣ የማቴ ጓደኛ፣ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፤ ምን እንዳደረገ ገብቶታል። ነገር ግን የተነሳ ቃሬዛ ወደ ቤት አይመለስም፣ ይህም ወጋችን ነው። ከደጃፉ ወጡ።

«አልተጠራም!» ብላ ጮኸች እናቴ። «ልጄ አልተጠራም! መልሱት!»

ከበሮው ድምጿን ዋጠው። ቡድኑ ከቃሬዛው ኋላ በሰልፍ ገባ፣ ከበሮው ፈጠነ። ተሸካሚዎቹ በቀበሌው የወጣቶች ማኅበር በዚያው ከበሮ ሰልፍ የሰለጠኑ ልጆች ናቸው። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ለከበሮው ታዘዘ። መጀመሪያ በፍጥነት ተራመዱ፣ ከዚያ ሮጡ። ወንድሜን በጭቃ ላይ እየሮጡ ወሰዱት። አንድ እግሩ ከተጠቀለለበት ጋቢ ወጥቶ በእርምጃቸው ልክ ይወዛወዝ ነበር። እናቴ ከኋላ ወድቃ ተነሳች፣ ወድቃ ተነሳች። «ቀስ! ቀስ አድርጉት!» ትላለች። እኔ የእሷን እጅ ልያዝ ወይስ እሱን ልከተል አላወቅኩም፤ መሀል ላይ ቆሜ ጮህኩ።

መቃብሩ ጋ ስንደርስ አፈር ሊመለስበት ነበር። ሎምቤ መቃብሩ አፍ ላይ ልትጠራው አፏን ስትከፍት ጠባቂው ጠመንጃውን አግድም ያዘባት። ደስታ ወደ እናቴ መጥቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «ልጅዎ እንደ ጀግና ተሸኝቷል» አላት። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። አልቅሷል። ጨክኖብን ነው ያንን ያደረገው፣ ወይስ ከልቡ ክብር የሰጠን መስሎት ነው? ዕድሜዬን ሙሉ አስቤበት አልደረስኩበትም። ጨክኖ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ጨካኝን ሰው ይረግመዋል፣ ይገላገላል። እናቴ በሀዲይኛ፣ «ያንተ እናት ተጠርታለች» አለችው። እጇን ለቀቀ። ዝናቡም መጣ።

በበዓሉ ዜማው ቀረበ። በጣም ተጨበጨበለት፣ በራዲዮም ተላለፈ። እናቴ ራዲዮ ያለበት ቤት ደጃፍ ማለፍ ተወች። ወዲያው ደግሞ ለትምህርት ቤቶች ትእዛዝ መጣ። ጊምቢቹ ያሉ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቼ «ወዛደሩ ወደፊት»ን ከእኔ ተማሩ። እኔ የአባቶቼን ስም በልቤ እየቆጠርኩ፣ በአፌ ያንን አስተማርኩ። ልጆቹ ወደዱት፤ ምሳ ሰዓት ላይ እንኳን እየጮኹ ነበር የሚወጡት።

አንባቢዎቼ፣ ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ክፋቱ መውሰዳቸው አልነበረም። አማኞቹም ወስደውታል፣ አራሚዎቹም ወስደውታል። እነ ደስታ ወስደው በአኮርዲዮን፣ በከበሮ፣ በፈለጉት ግጥም ቢያዜሙት እኛ ምን ይጎድለን ነበር? አብረን እናጨበጭብላቸው ነበር። ከምንጭ አንዱ ቢቀዳ ሌላው አይጠማም። እነሱ ግን የሁሉ መሆኑን ምክንያት አድርገው ወሰዱት፤ ከወሰዱት በኋላ ደግሞ የሁሉ እንዳይሆን ከለከሉት። አንተ ልጅ በኮምፒውተርህ ላይ የምታደርገውን አድርግ። ውሰድ፣ አሳምረው፣ ሽጠውም። በስምህ ካወጣኸው በኋላ ግን አንዲት አሮጊት በሯ ላይ ስታዜመው «የእኔ ነው» ያልካት ቀን ካኪ ለብሰሃል ማለት ነው።

ደርግ ሲወድቅ ክልከላው አብሮ ወደቀ። የሻረው ሰው የለም፣ የሚያስታውሰውም የለም። ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሲሞቱ አክስቴ ሎምቤን ለመኗትና መድረኩ ላይ ቆመች። ስማቸውን ጠራች፤ ትልልቆቹ «ሆ» አሉ። የአባታቸውን ስም ስትጠራ በአጥሩ ዙሪያ የቆሙት ወጣቶች፣ ትምህርት ቤት የተማሩት፣ ክፉ ሳያስቡ፣ ዜማው ከአፋቸው አውጥቶት «ወደፊት!» ብለው ተቀበሏት። ሰው ሳቀ። ሎምቤ ከመድረኩ ወርዳ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ለማንም አልጠራችም። የአባቶቻችንን ስም ይዛው ተቀበረች። እኔ የማውቀው ግማሹን ነው።

እናቴ ከእኩዮቿ ሁሉ በኋላ ቀረች። አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ አንድ ቀን ጠዋት አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«አስቴር፣ እኔን በር ላይ እንዳትጠሩኝ» አለችኝ።

«ለምን እማ? አሁን እኮ የሚከለክል የለም» አልኳት።

«አውቃለሁ የለም። ዜማው ከተነሳ ግን ያስሮጡኛል። ጉልበቴ ደክሟል ልጄ፤ ቀስ ብዬ ልሂድ።»

ቀስ አድርገን፣ ዝም ብለን ወሰድናት።